ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ሽንት ቤት አይግዙ

ተገዝቷል አይደል? ካርቶኑ ሳሎን መሀል ቆሟል። ልጆቹ ጥጉን ቀደውታል፤ እርስዎም ቡናዎን እንደያዙ በቀዳዳው እያጮለቁ ያዩታል። ነጭ ነው፤ የወተት ጥርስ ይመስላል። ክዳኑ ሲለቁት «ዷ!» ብሎ አይወድቅም፤ እንደ ጨዋ ልጅ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ባለሱቁ ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሦስት ጊዜ ሲዘጋው አሳይቶዎታል፤ በሦስተኛው ላይ ልብዎ ከድቶዎታል። እንኳን ደስ ያለዎት ልል ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሙሽራዋን ሲመርጡ አማቷን አይተዋቸዋል?

አማቷ ግድግዳው ውስጥ የተቀመጡት አሮጌው የፍሳሽ ቱቦ ናቸው። አንቱ የምላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በጃንሆይ ዘመን ገብተዋል፤ መንግሥት ሲወጣ መንግሥት ሲወርድ አይተዋል፤ የቤቱን ሰው ሁሉ ገመና ያውቃሉ፤ እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ትንፍሽ ያሉ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ መስኮት ለመክፈት ይሽቀዳደማል።

አባቶቻችን ልጅ ከመዳራቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። የማን ልጅ ናት፣ የማን የልጅ ልጅ ነው፣ በየት በኩል ይገናኛሉ ተብሎ ይጣራል። እኛ ደግሞ ዛሬ ለቁም ሣጥን ሜትር ይዘን እየዞርን፣ በየቀኑ ለምንቀመጥበት ዕቃ ግን መልኩን አይተን እንከፍላለን። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ሽንት ቤትም ሰባት ቤት ይቆጠርለት። አንደኛው በመቀመጫው ሆድ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው። ከዚያ የመቀመጫው መውጫ አፍ፣ መጋጠሚያው፣ አሮጌው ቱቦ፣ የአየር መተንፈሻው፣ ማንሆሉ፣ በመጨረሻም ጉድጓዱ ወይም የከተማው መስመር ይመጣል። ልክ ሰባት ሆነ። ስምንተኛ ቢገኝ ኖሮ አንዱን እደብቀው ነበር።

ሁሉንም በየተራ አላወራም። ሰው የሚሰናከለው መውጫው አፍ ላይ ነውና ከእሱ እጀምራለሁ። እኔም የተሰናከልኩት እዚያው ነው።

የሽንት ቤት መቀመጫ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን ፍሳሹን ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳ ያወጣል። ሁለተኛው ወደ ታች፣ ወደ ወለል ይለቃል። ከፊት ሲታዩ መንትያ ናቸው። ባለሱቁም ቢሆን ከፊት ነው የሚያሳይዎት፤ ሙሽራን ከጀርባ የሚያሳይ ማን አለ? እኔ ታዲያ መንትያዎቹን ሳልለይ ወደ ታች የሚለቀውን ገዛሁ። የቤቴ ቱቦ ደግሞ ከግድግዳው ውስጥ አፉን አውጥቶ የሚጠብቅ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው መጣ፣ ካርቶኑን ከፈተ፣ መቀመጫውን አጋደመ፣ ከሥሩ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ሻይ ጠየቀ። ሠራተኛ ገና ሥራ ሳይጀምር ሻይ ከጠየቀ ነገር አለ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ወደ ታች ነው» አለኝ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ሁሉም የሚሄደው ወደ ታች አይደል?»

ሻዩን እስኪጨርስ አልመለሰልኝም።

ሱቁ ስመለስ ባለሱቁ አልተቆጣም፤ በጣቱ ብቻ ከራሱ በላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። እነሆ ያ መቀመጫ ሁለት ዓመት በረንዳ ላይ ጤና አዳም ተተክሎበት ኖረ። ጤና አዳሙ ተስማምቶታል። እንግዳ ሲመጣ ግን ከዚያ እየቀነጠብኩ ቡናው ላይ ስጨምር፣ የሰው ፊት የሚለዋወጠውን አልነግርዎትም።

እና ካርቶኑን ከመቅደድዎ በፊት፣ እንዲያውም ከመግዛትዎ በፊት፣ ሜትር ይያዙ። ቱቦው ከግድግዳ የሚወጣ ከሆነ፣ ከወለሉ እስከ ቱቦው አፍ መሀል ድረስ ይለኩ። ወደ ኋላ የሚያወጡት መቀመጫዎች የመውጫቸው መሀል አብዛኛውን ጊዜ ከወለል 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቱቦው ከወለል የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው መሀል ይለኩ። 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የተለመደ ነው፤ ግን 20፣ 25፣ 40 የሚሆንም አለ። ቀዳዳዎ 40 ላይ ሆኖ የ30 መቀመጫ ከገዙ፣ ከጀርባው ድመት የምትወልድበት ክፍተት ይተርፍዎታል። ቀዳዳው 20 ላይ ሆኖ የ30 ከገዙ ግን ግድግዳውን ካላፈረሱ ነገሩ አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙ ብልህ ሰው የወደቀበት ጉድጓድ አለ። ሽንት ቤት የሚቀይር ሰው ሴራሚክም ይቀይራል። ሴራሚክ የሚቀይር ሰው ደግሞ አሮጌውን ማስነሣት ይሰለቸውና አዲሱን በላዩ ያስነጥፋል። ከነሲሚንቶው ወለሉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ እንበል። ቀድሞ 18 የነበረው ቱቦ አሁን 15 ሆነ። ቱቦው አልወረደም፤ እርስዎ ነዎት የወጡት። ስለዚህ የሚለካው ዛሬ ካለው ወለል ሳይሆን ነገ ከሚኖረው ወለል ነው፤ ግድግዳውም እንደዚያው። ይህን ለግንበኛው ብቻ ነግረው ለቧንቧ ሠራተኛው ካልነገሩ፣ ወይም ለቧንቧ ሠራተኛው ነግረው ለግንበኛው ካልነገሩ፣ ሁለቱ በኋላ የሚስማሙበት ብቸኛ ነገር ጥፋተኛው እርስዎ መሆንዎ ነው።

አሁን ወደ አማቷ እንግባ። አሮጌው ቱቦ ከምን እንደተሠሩ መጀመሪያ ይወቁ። ብረት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከባድ፣ ጥቁር፣ በመዶሻ ሲመቱ የሚሰነጠቁ። ሸክላ ሊሆኑ ይችላሉ። አስቤስቶስ የተቀላቀለበት የሲሚንቶ ቱቦም ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲህ ከሆኑ በደረቁ በግራይንደር አይቆረጡም፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደ ቀልድ አይውሰዱብኝ፤ ሌላውን እንደፈለጉ ያድርጉት።

የብረቶቹን መጋጠሚያ ሲያዩ ሬንጅ የጠጣ የቃጫ ገመድና በላዩ የፈሰሰ እርሳስ ያገኛሉ። የድሮ ሠራተኛ ገመዱን ጠቅጥቆ፣ እርሳሱን አቅልጦ አፍስሶ፣ በመሮ ዙሪያውን እየመታ ነበር የሚያትመው። ዛሬ ማንም ያን ያህል ትዕግሥት የለውም፤ እኔም እንዲኖርዎት አልመክርም። እርሳሱን በእሳት ለማስለቀቅ ግን አይሞክሩ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ቱቦዎቹ በብዛት አራት ኢንች ይባላሉ። አዲሱ ፕላስቲክ ደግሞ 110 ሚሊ ሜትር ይባላል። በወረቀት ላይ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሲገናኙ ግን ሰላም አይባባሉም። የፕላስቲኩ 110 የሚለካው በውጭ በኩል ነው፤ የአሮጌው ብረት አራት ኢንች ግን የውስጡ ስፋት ነው፤ እሱም በአርባና በሃምሳ ዓመት ዝገት እንደ ሽማግሌ የደም ሥር ጠቧል። እንግዲህ ጣትዎን (ከነጓንቱ!) አስገብተው ይዳብሱ። ዝገቱ በመፋቂያ ይነሣ፤ አፉ ልስልስ ይበል፤ የመጋጠሚያው ጎማ የሚይዘው ለስላሳ ቦታ ላይ ነውና። ጫፉ የተሸራረፈ ከሆነ ጤነኛው ቦታ ድረስ በልኩ ይቆረጥ፤ በመዶሻ አይሆንም፤ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቁ ስንጥቁ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም፤ ሴራሚኩን በሙሉ አስነሥተው ይከተሉታል።

በሙያው ቋንቋ ከቱቦዎቹ አንዱ ወንድ፣ ሌላዋ ሴት ናት። ሕጉም አንድ ነው፤ ወንዱ የሚገባው ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ ከመቀመጫው የሚመጣው በአሮጌው አፍ ውስጥ ይገባል እንጂ አሮጌው በአዲሱ ውስጥ አይገባም። ከተገለበጠ በውስጥ በኩል ከንፈር ይቀራል። ከንፈሩ ላይ ወረቀት ይያዛል፤ ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር ይያዛል፤ ቀሪውን እርስዎ ያውቁታል።

ለመጋጠሚያው ሲባል በተለይ የተሠራ ባለጎማ ቁራጭ ቱቦ ይሸጣል። ቀጥ ያለ አለ፤ ከመሀል ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዘወር ያለም አለ፤ መለኪያው ትንሽ ለሳተ ቤት ዘወር ያለው መድኃኒት ነው። እንደ አኮርዲዮን የሚሳበውና የሚታጠፈው ግን፣ ባለሱቁ ምንም ያህል ቢያሞግሰው፣ የመጨረሻ ምርጫ ይሁን። ሽንሽኑ ውስጥ ቆሻሻ ይተኛል፤ መሀሉም በጊዜ ብዛት ይረግባል። ይህን ስል ሠራተኛው «ጋሼ፣ ሁሉም ሰው ይሄንን ነው የሚጠቀመው» ይልዎታል። እውነቱን ነው። ሁሉም ሰው ሽንት ቤቱ የሚሸተውም ለዚህ ይሆናል።

ስለ ሲሚንቶ ደግሞ ልንገርዎት፤ እዚህ ላይ ትንሽ እበሳጫለሁና ይታገሡኝ። በአገራችን መቀመጫውን ከወለሉ ጋር በሲሚንቶ መለሰን፣ መጋጠሚያውንም ዙሪያውን በሲሚንቶ መጠቅጠቅ የቆየ ልማድ ነው። ሠራተኛው ያለ ሲሚንቶ ሥራ የሠራ አይመስለውም። ነገር ግን ሲሚንቶ ደረቅ ነው፤ መቀመጫውም ደረቅ ነው፤ ሁለት ደረቅ በአንድ ቤት ሲኖር የሚሰነጠቀው ቀጭኑ ነው። ሰው በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር ዕቃው በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ ጎማ ይህን ይችለዋል፤ ሲሚንቶ አይችለውም። መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፤ ውሃው ቀስ እያለ ከሴራሚኩ ሥር ይገባል፤ ከስድስት ወር በኋላ ከታች ያለው ጎረቤት ኮርኒሱን እያሳየ ይጠራዎታል። ነገ መቀመጫውን ማንሣት ቢያስፈልግም ሳይሰበር አይነሣም። በብሎን ይታሰር፤ ዙሪያው በሲሊኮን ይታተም፤ ይበቃል።

ወደ ታች የሚለቀውን የገዙና ቀዳዳውም የተስማማላቸው ዕድለኞች ደግሞ ከሰም ጋር ይተዋወቃሉ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶችዎ ይህን ያውቁታል፤ እዚያ መቀመጫው ከወለሉ ላይ ካለው ፍላንጅ ጋር የሚጋጠመው በወፍራም የሰም ቀለበት ነው። መቀመጫውን ቀጥ አድርገው ያወርዱበታል፤ ሰሙ ተጨፍልቆ ያትማል። አንዴ ካወረዱት በኋላ «ትንሽ ወደ ግራ ላድርገው» ብለው ቢያነሡት ሰሙ ተበላሽቷል፤ ሌላ ይግዙ። ቅኔ ተምረናል ብለን የምንኮራ ሕዝብ ይህን እንዴት እንደዘነጋነው አላውቅም፤ ሰምና ወርቅ በአንድ ዕቃ ላይ! በቅኔው ሰሙ ከላይ ይታያል፣ ወርቁ ይደበቃል። እዚህ ግን የተደበቀው ሰሙ ነው። ወርቁ ምን እንደሆነ ለመምሬ እተወዋለሁ።

በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ለብቻ አንድ ቃል አለኝ። የእርስዎ አማት የእርስዎ ብቻ አይደሉም። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት በአንድ ቀጥ ያለ ቱቦ ተያይዛችኋል፤ ከሥጋ ዝምድና የሚጠብቅ ዝምድና ነው። መቀመጫዎን ባስነሡ ሰዓት አፉ ክፍት ነው፤ ምድር ቤት ከሆኑ ደግሞ የደረጃው ሰው ሁሉ በእርስዎ ደጅ ያልፋል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ደረጃውን ይውጡ፤ በየበሩ ያንኳኩ፤ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት የሁለት ሰዓት ጾም ያውጁ። በትሕትና ይሁን። ምክንያቱን ሲጠየቁ አይፈሩ፤ «አዲስ ሽንት ቤት እያስገባሁ ነው» ይበሉ፤ እንኳን ደስ ያለህ ይባላሉ። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት «እሺ ልጄ፣ እኛ ምን ችግር አለብን» ይሉዎታል። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ተማሪ ግን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ተኝቷል፤ በሩን አልከፈተም። ጾሙን አልሰማም። በአራት ሰዓት ተኩል ይነቃል።

የአየር መተንፈሻውን በአጭሩ ልለፈው። ጣሪያ ላይ ቀጥ ብሎ የወጣ ቱቦ ካለ አፉ መዘጋት አለመዘጋቱን ይዩ፤ አንዳንዱ ውስጥ ወፍ ጎጆ ትሠራለች፤ አንዳንዱን ቆርቆሮ ያነጠፈ ሰው ሸፍኖት ሄዷል። ቱቦው አየር ካጣ ፍሳሹ ሲወርድ ከኋላው ይስባል፤ ከመቀመጫው ሆድ ውስጥ ያለውን ውሃም ይዞት ይሄዳል። እሱን የሚያውቁት እንደ ራበው ሰው ሆድ ሲያጉረመርም ነው።

ያ ሆድ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ብዙውን ጊዜ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በእርስዎና በከተማው ሽታ መካከል ያለችው ዘበኛ እሷ ብቻ ናት። ይህን ብልሃት ለሽንት ቤት ካሰቡት አንዱ አሌክሳንደር ካሚንግ የሚባል ሎንዶን የኖረ ሰዓት ሠሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1775 የተጠማዘዘ ቱቦ ያለውን ሽንት ቤቱን በፓተንት አስመዘገበ። ሰዓት ሠሪ መሆኑ አይግረምዎት፤ ጠዋት ሽንት ቤት ተሰልፎ የጠበቀ ሰው የደቂቃን ዋጋ ያውቃል። ከውጭ አገር በዓመት አንዴ እየመጣችሁ ቤታችሁን ዘግታችሁ የምትሄዱ ደግሞ፣ ዘበኛዋ ትደርቅባችኋለች። ስትመለሱ ቤቱ የሸተታችሁ ዘመድ ስላላጸዳው አይደለም፤ ሽታው በደረቀው ውሃ በኩል ገብቶ ነው። ስትሄዱ ጥቂት የምግብ ዘይት ውሃው ላይ ጠብ ብታደርጉበት ቶሎ አይተንም። ዘመዱን ከመውቀሳችሁ በፊት ማለቴ ነው።

ሌላው ሰው የማያስበው የውሃው መጠን ነው። አሮጌው ሽንት ቤት በአንድ ጊዜ ዘጠኝም አሥራ ሦስትም ሊትር ይለቅ ነበር። አዲሱ ስድስት ይለቃል፤ ትንሿን ቁልፍ ከተጫኑ ሦስት። አማቷ የለመዱት ጎርፍ ነው፤ አሁን በሲኒ ይቀርብላቸዋል። ቱቦው በጥሩ ተዳፋት ከተቀበረ፣ ለአንድ ሜትር ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከሄደ፣ ስድስቱም ይበቃል። ተዳፋቱ የሞተና መንገዱ ረጅም ከሆነ ግን ውሃው ይሄዳል፣ ጓዙ ይቀራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ስድስቱም ሊትር ሕልም ነው፤ በጆግ የሚለቀቅበት ቀን አለ። ምክሬ እንዲህ ነው፤ ውሃ በመጣ ቀን፣ ፊትዎን ከመታጠብዎ በፊት፣ አንድ ሙሉ ባልዲ ባንድ ትንፋሽ ይልቀቁባቸው። እንደ ሽማግሌ ጥየቃ ይቁጠሩት።

የማንሆሉን ክዳን ከፍተው መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ማየትዎን አይርሱ። ጉድጓድ ከሆነ መጣጭ መኪና የሚደርስበት መሆኑን ይዩ። የከተማው መስመር ከሆነ ወደ ቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ መንገድ ጀምሯል፤ መልካም ጉዞ ይበሉት። ወደ ወንዝ ከሆነ ደግሞ... ይህ የቀልድ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚያ ሌላ ቀን ያለ ቀልድ እናወራለን።

በመጨረሻ የሥራው ዕለት። አሮጌውን መቀመጫ ሲሰብሩ ስባሪው እንደ ብርጭቆ ይቆርጣል፤ ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ከሁሉ በፊት ግን የቱቦውን አፍ በጨርቅ ይድፈኑ፤ ስባሪው እንዳይገባ፣ ሽታውም እንዳይወጣ። ጨርቁን ደግሞ በሲባጎ ይሰሩት፤ የሲባጎውን ጫፍ ከመስኮቱ ብረት ጋር ይቋጥሩት፤ ጨርቁ ወደ ውስጥ እንዳያመልጥ፣ እርስዎም እንዳይረሱት። ከዚያ ይለኩ፤ ያለ ሲሊኮን በደረቁ ገጥመው ይሞክሩ፤ ውሃ ልክ ላዩ ላይ አስቀምጠው ይዩ፤ ብሎኑን ግራና ቀኝ በየተራ በትንሽ በትንሹ ያጥብቁ፤ አንዱን ወገን ብቻ አጥብቀው የሰበሩ ብዙ ናቸው። ሲሊኮኑን በጣትዎ ያለስልሱ፤ እንዲደርቅም ቀን ይስጡት። ለሠራተኛው ይክፈሉ፤ ይመርቁት፤ ይሸኙት። ቤተሰቡ በሩ ላይ ይሰብሰብ፤ ማን ይመርቀው በሚለው ክርክር ይነሣ።

ማንም ከመቀመጡ በፊት ግን አንድ ጊዜ ቀና ብለው የመስኮቱን ብረት ይዩ። ሲባጎው አሁንም እዚያው ታስሮ ካለ በዓይንዎ ይከተሉት። በግድግዳው ወርዶ፣ በአዲሱ ሴራሚክ ላይ አልፎ፣ ከሙሽራዋ ጀርባ በጎማው መሀል ወደ አማቷ አፍ ከገባ፣ አይጎትቱት። ለሠራተኛው ይደውሉ፤ ሩቅ አልሄደም። እኔ ስደውል ሚኒባስ ውስጥ ነበር። የነገርኩትን ሰምቶ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያ በስልኩ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወራጅ አለ!» ሲል ሰማሁት።